ሳልመኑ የውጭ ነው፣ ወንዙ ግን የኛው ነው፦ ለትምህርት ጽሕፈት ቤታችን ግልጽ ደብዳቤ

ለሚመለከተው የትምህርት ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ጉዳዩ፦ ከግቢ ውጭ ትምህርት እንዳይሰጥ የወጣውን ሰርኩላር ይመለከታል

ክቡራን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፤

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እኛ በጅማ ከተማ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂና አካባቢ ሳይንስ የምናስተምር መምህራን ነን። አብዛኞቻችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪዎችም ነን። በዚህ ሴሚስተር መጀመሪያ ከእናንተ ዘንድ አንድ ሰርኩላር ደርሶናል። በመደበኛ ክፍለ ጊዜ ተማሪ ይዞ ከግቢ መውጣት ተከልክሏል። ሁለተኛው አንቀጽ ደግሞ «ከአገራችን ነባራዊ ሁኔታ ጋር በማይገናኙ ምሳሌዎች» ጊዜ እንዳይባክን ያሳስባል። ምሳሌው ምን እንደሆነ አልተጻፈም። ግን ሁላችንም አውቀነዋል። ሳልመን የሚባለው ዓሣ ነው።

ጉዳዩን በውስጥ ደብዳቤ አቅርበን ነበር። «ሰርኩላሩ ላይ ያለውን ፈጽሙ» ከሚል የቃል መልስ በቀር ያገኘነው ነገር የለም። ስለዚህ ወላጆችም እንዲያነቡት በግልጽ ጻፍነው።

መጀመሪያ ትምህርቱ ምን እንደሆነ እንንገራችሁ። ሰርኩላሩን ያዘጋጀው ሰው ክፍል ገብቶ ያየው አይመስለንም።

ሳልመን የሚፈለፈለው ጠጠር ባለው ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ነው። ጥቂት አድጎ በወንዙ ይወርድና ባሕር ይገባል። ሥጋውን ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚያበቅለው እዚያ ነው። ሲደርስ የተወለደበትን ወንዝ አሽትቶ ለይቶ ይመለሳል። በአላስካ፣ በካናዳ ምዕራባዊ ዳርቻና በዋሽንግተን ግዛት ወንዞች የሚወጡት አምስቱ የፓሲፊክ ሳልመን ዝርያዎች እንቁላላቸውን ጥለው እዚያው ይሞታሉ። ድብ ወንዝ ዳር ቆሞ ይጠብቃቸዋል። ይዞ ወደ ጫካው ይገባል። ዓሣው ሲትረፈረፍለት አንጎሉንና እንቁላሉን መርጦ ይበላና ሌላውን ጥሎት ይሄዳል። የቀረውን ንስር፣ ቁራና የዝንብ እጭ ይቀራመቱታል። ዝናብ ወደ አፈር ያወርደዋል። ዛፉም በሥሩ ይስበዋል።

ተማሪ ይህን ሲሰማ «ተረት ነው» ይላል። ይበል፤ የምንፈልገውም እሱን ነው። ማስረጃው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነዋ።

ናይትሮጂን ቀላልና ከባድ ዓይነት አለው። ከባዱ ናይትሮጂን 15 ይባላል። ባሕር ውስጥ በአደገ ዓሣ ሥጋ ላይ በርከት ብሎ ይገኛል። በደቡብ ምሥራቅ አላስካ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት ሳልመን በሚራባባቸው ወንዞች ዳር ያሉ ዛፎችና ቁጥቋጦዎችን ቅጠል መረመረ። በቅጠሉ ውስጥ ካለው ናይትሮጂን ከ22 እስከ 24 በመቶው በሳልመን በኩል የመጣ ሆኖ ተገኘ። ሩብ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ባሕር አይቶ የማያውቅ ዛፍ ባሕር በልቷል ማለት ነው።

ልጆቹ በጣም የሚወዱት ግን ሌላውን ታሪክ ነው። እዚያው አላስካ ውስጥ ሃንሰን የሚባል ትንሽ ወንዝ አለ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተማሪዎቻቸው ጋር በየዓመቱ የሞቱ ሳልመኖችን ይቆጥሩ ነበር። አንዱን ዓሣ ደግመው እንዳይቆጥሩት የቆጠሩትን ሁሉ ወደ አንዱ ዳር ይወረውሩታል። ይህ 20 ዓመት ቀጠለ። ከ200 ሺህ በላይ ዓሣ አንድ ዳር ላይ ተጣለ። ከዚያ በሁለቱም ዳር ያሉትን ዛፎች የእድገት ቀለበት ለኩ። ዓሣ የተጣለበት ዳር ዛፎች ቀድሞ ከማዶዎቹ ያነሰ ያድጉ ነበር። ዓሣው መጣል ከተጀመረ በኋላ ግን እድገታቸው ፈጠነ። የወንዝ ዳሩ ሥራ በአብዛኛው የጠየቀው ደብተርና ትዕግሥት ነው። የመሣሪያ እጥረት ያለባት ትምህርት ቤት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከየት ታመጣለች?

ጫካውም በፋንታው ለዓሣው ይሰጣል። ጥላው ውሃውን ያቀዘቅዛል። ሥሩ አፈሩን ይይዛል። የወደቀው ግንድ ውሃውን አግዶ ጫጩት ዓሣ የሚሸሸግበት ኩሬ ይሠራል። ቅጠሉ ነፍሳትን ይመግባል፣ ነፍሳቱ ዓሣውን። ጫካው ሲመነጠር ደለል ይወርድና ጠጠሩን ይደፍነዋል። ጠጠሩ ውስጥ ያለው እንቁላል ኦክስጅን አጥቶ ይታፈናል።

እዚህ ድረስ ያለውን በሰሌዳ እናስተምረዋለን። ድቡን ስለን፣ ተማሪውንም አስቀን እንጨርሰዋለን። ቀጣዩ ግን ግቢ ውስጥ አይሆንም።

አዌቱ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ተማሪዎቻችን በድልድዩ ሲሻገሩ ብዙዎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ነው። እኛ መጀመሪያ ዛፍ ወዳለበት ወደ ላይኛው ክፍል እንወስዳቸው ነበር። ከዚያ ገበያውንና ጋራዡን ያለፈውን ውሃ እናሳያቸዋለን። ቴርሞሜትር ነክረው ይመዘግባሉ። በጠርሙስ ቀድተው ደለሉ እስኪዘቅጥ ይጠብቃሉ። ድንጋይ ገልብጠው የተለጠፈበትን እጭ ይቆጥራሉ። አንዳንዱ እጭ ኦክስጅን የሞላበት ንጹሕ ውሃ ካላገኘ አይኖርም። እንደ ደም የቀላው ትል መሳይ እጭ ደግሞ ሌላው ባለቀበት ውሃ ውስጥ ይፈላል። ይህን ለመቁጠር ላብራቶሪ አያስፈልግም። ላብራቶሪያችን ምን እንደሚመስል ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

እንግዲህ የቅሬታችን ዋናው ይኸው ነው። ሰርኩላሩ ትምህርቱን መሃል ላይ ቆረጠው። ሳልመኑን «የውጭ ነው» ብላችሁ አወጣችሁ፤ አዌቱን «ከግቢ ውጭ ነው» ብላችሁ አወጣችሁ። የቀረው ትርጉም መሸምደድ ብቻ ነው።

«ከአገራችን ጋር አይገናኝም» ለሚለው መልስ አለን። ጅማ ውስጥ ሳልመን እንደሌለ ለተማሪዎቻችን ገና ከጅምሩ እንነግራቸዋለን። ሳልመንን የምናመጣው ነገሩ በእሱ ላይ በደንብ ተጠንቶ፣ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነው። ደግሞስ ጣናን አስቡት። ጣና ውስጥ ያሉ ከባርበስ ወገን የሆኑ በርካታ ዓሦች በክረምቱ ወራት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ንጹሕ ጠጠር ላይ ነው። እንደ ሳልመን ወልደው አይሞቱም። የሚፈልጉት ወንዝ ግን ያንኑ ነው። ደለል የገባበት ጠጠር ለእነሱም መቃብር ነው። ይህ ከአገራችን ነባራዊ ሁኔታ ጋር ካልተገናኘ፣ የሚገናኘው የትኛው ነው?

አንዲት ተማሪ በክፍል ውስጥ «እኛ ጋ ድብ የለም፤ ታዲያ የኛን ወንዝና የኛን መሬት ማን ያገናኘዋል?» ብላ ጠየቀች። መምህርቷ መልሱን ለሁሉም የቤት ሥራ አደረገችው። ልጆቹ አያትና አጎት ጠይቀው መጡ። ከግቤ ዳር ዘመድ ያለው አንድ ልጅ ጉማሬን ይዞ መጣ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሣር ይግጣል፣ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ እበቱንም እዚያው ይጥላል። ከሳልመኑ ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ውሃው ለመሬት ይሰጣል፣ እዚህ መሬቱ ለውሃ። በኬንያና በታንዛኒያ በሚፈሰው በማራ ወንዝ የተሠራ ጥናት ከ4 ሺህ የሚበልጡ ጉማሬዎች በቀን ወደ 36 ሺህ ኪሎ ገደማ እበት ውሃው ውስጥ እንደሚጨምሩ ገምቷል። ዓሣና ነፍሳት ይመገቡበታል። ሲበዛ ግን መበስበሱ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርስና ዓሣውን ይገድላል። ይህን ሁሉ ከአንድ ጥያቄ ነው ያገኘነው።

ይህችው መምህርት ግን ተቀጣችበት። ሱፐርቫይዘር ክፍል ገብቶ ሰሌዳው ላይ ዓሣና ድብ አየ። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ «የትኛው ገጽ ላይ ነው?» የናይትሮጂን ዑደት ምዕራፍ ላይ መሆኗን ነገረችው። ዓመታዊ ዕቅዷንም አሳየችው። በሥራ አፈጻጸም ምዘናዋ ላይ «ዕቅድን ጠብቆ መሥራት» በሚለው መስፈርት ነጥቧ ወረደ። ይህ ነጥብ የደረጃ ዕድገት ላይ እንደሚቆጠር ለእናንተ መንገር አያሻም። ከዚያ ወዲህ መምህራኑ ጎበዝ አርቲስት ቢሆኑም ሰሌዳ ላይ ድብ የሚስል የለም።

ሌላው ቅሬታችን ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። ረዘም ብለን እንጽፈዋለን፤ ብዙ የተጎዳነው በዚህ ነው።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲደርስ በዞኑ የእሸት ቡና መፈልፈያዎች ሥራ ይበዛባቸዋል። ልጣጩና እጣቢው በቂ ማጠራቀሚያ ካላገኘ ወንዝ ይገባል። በእጣቢው ውስጥ ስኳር አለ። ስኳሩን ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ሲበላም የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። የከብት ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። የአንድ ትምህርት ቤት የክበብ አባላት ከወላጆቻቸው ጋር ሆነው ከአንድ መፈልፈያ በላይና በታች ያለውን ውሃ አዩ። ድንጋይ ገለበጡ፣ እጭ ቆጠሩ፣ በሠንጠረዥ አስቀመጡ። ከላይ ስድስት ሰባት ዓይነት እጭ ነበር። ከታች ቀዩ ብቻ። ከጎኑ የሳልመኑን እንቁላልና የማራን ጉማሬ ሥዕል አደረጉ። ሦስቱም ዘንድ ገዳዩ የኦክስጅን ማለቅ ነው ብለው ጻፉ። ይህን ያሰቡት ራሳቸው ናቸው፤ እኛ አልነገርናቸውም።

ፖስተሩ ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ተመርጦ ነበር። በዋዜማው «ባለሀብት ያስቀይማል» ተብሎ እንዲነሳ ታዘዘ። የመፈልፈያው ስም እንኳ አልተጻፈበትም። ልጆቹ ፖስተሩን ጠቅልለው ወደ ቤት ወሰዱት። ከእነሱ አንዱ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። አባቱ ቡናውን የሚሸጠው ለመፈልፈያ ነው። መፈልፈያ ይዘጋ ያለ ማንም የለም። እጣቢው በጉድጓድ ይጠራቀም፣ ልጣጩ ኮምፖስት ይሁን ነው ያሉት። ፖስተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ያላነበበው ያነሳው ሰው ብቻ ነው።

በነካ እጃችን ግድቡንም እናንሳ። በዋሽንግተን ግዛት ኤልዋ በሚባል ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1913 እና በ1927 የተጠናቀቁ ሁለት ግድቦች ሳልመኑን ከላይኛው ወንዝ ቆርጠውት ነበር። ከ2011 እስከ 2014 ፈረሱ፤ ዓሣውም ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ይህን ያስተማረ አንድ ባልደረባችን «ግድብ ይፍረስ እያልክ ነው ወይ?» ተብሎ ተጠየቀ። በፈገግታ የተጠየቀ አይደለም። እኛ በግልገል ግቤ መብራት ፈተና የምናርም ሰዎች ነን። ግልገል ግቤ አንድ 184 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ታስቦ የተሠራ ነው። ከተራቆተ ተዳፋት የሚወርደው ደለል ግን የግድቡን ሆድ ይሞላዋል። ላይ ያለው ጫካ ለግድቡም ወዳጅ ነው። ክፍል ውስጥ የተባለው ይኸው ነው።

ደህንነትን በተመለከተ። ምክንያቱን አንንቀውም፤ እኛም ወላጆች ነን። የምንቃወመው ሚዛኑን ነው። የችግኝ ተከላ ዘመቻ ሲኖር ክፍለ ጊዜ ይሰረዛል፣ ተማሪው በሰልፍ ይወጣል፣ መንገዱም አደገኛ መሆኑ ይቀራል። ባለፈው ክረምት መግቢያ በተጠራንበት ዘመቻ ወንዝ ዳር እንድንተክል የተሰጠን ባሕር ዛፍ ነው። አንድ መምህር ለወንዝ ዳር የአገር በቀል ዛፍ ይሻላል፣ ዋንዛ ወይም ብሳና የለም ወይ ብሎ ጠየቀ። «ዘመቻ ነው፣ ይተከል» ተባለ። ፎቶ ተነስቶ ተበተነ። ከዚያ በኋላ ሄዶ ያየው የለም፤ እኛም እንዳንሄድ ይኸው ተከለከልን።

የክበባችን ገንዘብ ጉዳይም አለ። ለቴርሞሜትር፣ ለማጥለያ መረብና ለቦት ጫማ የያዝነው ትንሽ በጀት ለሚኒ ሚዲያ ድምጽ ማጉያ ዞሯል። ድምጽ ማጉያው ይሠራል፤ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ሁሉ ያውቀዋል።

የአንድ ትምህርት ቤት የችግኝ ጣቢያም ታርሶ ለሱቅ ኪራይ ተከልሏል። ልጆቹ ከዘር ያበቀሉት ዝግባ እዚያ ነበር። ገቢው ለትምህርት ቤቱ እንደሚውል ሰምተናል። ምን ያህል እንደገባ ግን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም (ወተመህ) አያውቅም።

ፈተናው ላይ የምንለው አጭር ነው። «ሥርዓተ ምህዳር ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ወጥ ፈተና እስካለ ድረስ ወንዝ ያየና ያላየ ተማሪ እኩል ነጥብ ያገኛል። ሱፐርቫይዘሩም ገጽ ቁጥር ቢጠይቅ አይገርምም።

ክቡራን፤ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሰርኩላሩ ይነሳልን። ሙሉ በሙሉ የማይነሳ ከሆነ ከግቢ መውጣት የሚቻልበት ሁኔታ ይጻፍበት። የወላጅ ፊርማ፣ ለአንድ ክፍል ሁለት መምህራን፣ በእግር የሚደረስ ቦታ፣ ለርዕሰ መምህሩ አስቀድሞ ማሳወቅ። ይህን ሁሉ ለመፈጸም ዝግጁ ነን። ወንዙ በሚሞላበት የክረምት ወራት ላለመውጣትም እንስማማለን።

ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ምሳሌን የሚመለከተው አንቀጽ ግን እንዳለ ይሰረዝ። የትምህርቱ ዓላማ እስከተመታ ድረስ ምሳሌ መምረጥ የመምህሩ ሥራ ነው።

የባልደረባችን የምዘና ነጥብ እንደገና ይታይ። የሚያየውም የትምህርት ዓይነቱን የሚያውቅ ባለሙያ ይሁን።

የተነሳው ፖስተር በቀጣዩ ኤግዚቢሽን ላይ ይቅረብ። የመፈልፈያ ባለቤቶችም ይጋበዙ፤ ልጆቹ ሊያነጋግሯቸው ፈቃደኛ ናቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ካቀረባችኋቸው ባለቤቶቹ ከእናንተ ያነሰ እንደሚቆጡ እንገምታለን።

የክበቡ በጀት ይመለስ። የሱቅ ኪራዩ ገቢ ለወተመህ ይገለጽ፣ ለችግኝ ጣቢያም ሌላ ቦታ ይሰጠን። ለወንዝ ዳር ዘመቻ የሚሰጠው ችግኝ ዓይነት ሲወሰን የክበብ ተጠሪዎች ይጠየቁ። በተከታታይ ምዘናም የመስክ ሥራ ነጥብ ይኑረው።

የመጨረሻው ጥያቄያችን ገንዘብ አይፈልግም። ከውሳኔያችሁ በፊት ከእናንተ አንዳችሁ አንድ ከሰዓት አብራችሁን ወደ አዌቱ ውረዱ። ቦት ጫማ ስለሌለን እናንተው ይዛችሁ ኑ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ሴሚስተሩ ሳይጋመስ እንጠብቃለን።

ከሰላምታ ጋር

በጅማ ከተማ የባዮሎጂና የአካባቢ ሳይንስ መምህራን
እና የአካባቢ ጥበቃ ክበባት ተጠሪዎች

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቶቹ ርዕሳነ መምህራን
ለየትምህርት ቤቶቹ ወተመህ
ለክበባቱ አባላት ወላጆች